ሲፕሮ የማያድነው ቃጠሎ

አክስቴ ከአርቦዬ ወደ አሰላ ለሕክምና ስትመጣ ሁለት ነገር አይለያትም፤ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ብርና አንድ ጥቁር ፌስታል። ፌስታሉ ውስጥ ስንቅ የለም። ያለው ፍሬው ያለቀ የክኒን ማሸጊያ ነው። ባለፈው አልጋ ላይ ዘርግፈን ቆጠርነው። ሲፕሮ ሰባት ጊዜ፣ ኖርፍሎክሳሲን ሁለት ጊዜ፣ ባክትሪም አንድ ጊዜ፣ ስሙ የተፋቀ አንድ ሌላ። ይህ ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። የሐኪም ማዘዣ ያለው ለሦስቱ ብቻ ነው፤ የቀረውን መድኃኒት ቤት ገብታ «የሽንት መድኃኒት ስጡኝ» ብላ ገዝታዋለች። ባዶውን ማሸጊያ ለምን እንደምታስቀምጥ ስጠይቃት፣ «ሐኪሙ ምን ስትወስጂ ነበር ሲለኝ እንዳላፍር» አለችኝ። እስካሁን የጠየቃት የለም።

«ሽንቴ ይለበልበኛል» ትላለች። ይህን የሰማ ሁሉ «ኢንፌክሽን ነው» ይላል። ቀስ ብሎ ለጠየቃት ግን ነገሩ ወዲህ ነው። የሚለበልባት ስትሸና አይደለም፤ ከመሽናቷ በፊት ነው። ፊኛዋ መሙላት ሲጀምር ከእምብርቷ በታች ፍም የተቀመጠባት ይመስላታል። ስትሸና ቀለል ይላታል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳል። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ትነሳለች። ትኩሳት የላትም፤ ሽንቷም አይደፈርስም። መንገድ በምትሄድበት ቀን ሚኒባሱ ስለማይቆምላት ከማለዳ ጀምሮ ውሃ አትቀምስም፤ ወፍሮ የሚወርደው ሽንት ደግሞ ሕመሙን ያባብሰዋል።

ላብራቶሪ ገብታ ሽንት ትሰጣለች። ባለሙያው ትንንሽ ባለቀለም ካሬዎች የተለጠፉበትን ቀጭን ስትሪፕ ነክሮ ያወጣና ከጠርሙሱ ጎን ካለው የቀለም ሰንጠረዥ ጋር ያስተያየዋል። የባክቴሪያ ምልክት የሚሆነው ናይትራይት የለም። ነጭ የደም ሴል መኖሩን የሚያሳየው ካሬም ቀለሙን አልለወጠም። ወረቀቱ ላይ «ኔጌቲቭ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ሲፕሮ ይታዘዝላታል።

ውጤቱ ኔጌቲቭ ከሆነ ሲፕሮው ለምኑ ነው? በሽታው በሌላው ዓለም ስም አለው፤ ኢንተርስቲሻል ሲስታይተስ ወይም የሽንት ፊኛ የሕመም ሲንድረም ይባላል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያ ከሽንት ፊኛ ጋር የተያያዘ፣ ከስድስት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ኢንፌክሽንም ሆነ ሌላ ግልጽ ምክንያት ያልተገኘለት ሕመም ብሎ ይፈታዋል። የጆንስ ሆፕኪንሱ ጋይ ሃነር እ.ኤ.አ. በ1915 አንዳንድ ታማሚዎች ፊኛ ላይ ያየውን ቁስል ገልጾ ጽፏል (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቁስሉ ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ግን ቁስል የለባቸውም። ከመቶ ዓመት በላይ የሚታወቅ በሽታ ነው እንግዲህ። ቢሆንም በ2011 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው የበሽታው ምልክት ካለባቸው ሴቶች መካከል በስሙ የተነገራቸው ከአሥር አንድ አይሞሉም። ሀብታሙ አገር እንዲህ ከሆነ የአርቦዬዋ አክስቴ «ብርድ ነው» ቢሏት አይገርምም።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን የዚህ ሕመም ምርምር ያልተጠበቀ አቅጣጫ ይዟል። አንዱ መንገድ ወደ ሂስታሚን፣ ሌላው ወደ አንጀት ባክቴሪያ ይወስዳል፤ ሁለቱም ደግሞ እየተገናኙ ነው።

«ይለበልበኛል» የሚለውን ቃል በዋዛ አላልፈውም። አርሲ ደጋ ያደገ ልጅ ሳማ ያልለበለበው የለም፤ በአጥር ጥግ፣ በበረት ዙሪያ ይበቅላል፤ ኳስ ፈልጎ እጁን የሰደደ ያውቀዋል። በ1947 ሁለት ተመራማሪዎች የሳማን ጸጉር መርምረው በውስጡ ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ሂስታሚን ነበር። እኛም ሰውነታችን ውስጥ የራሳችን ሳማ አለን ማለት ይቻላል። ማስት ሴል ይባላል፤ ፖል ኤርሊክ ገና ተማሪ ሳለ በ1878 ስም ያወጣለት፣ በሂስታሚን የታጨቀ ሴል ነው። ቆዳ ሥር፣ አየር ቧንቧ ውስጥ፣ አንጀት ግድግዳ ላይ፣ ሽንት ፊኛም ውስጥ ይገኛል። ሲቆጣ ሂስታሚኑን ይረጫል። አፍንጫ ላይ ሲሆን ማስነጠስ፣ ቆዳ ላይ ሲሆን ማሳከክ ነው። ፊኛ ላይ ሲሆንስ?

እዚህ ላይ በርበሬ ይገባል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት የአይጥ ጥናት ሂስታሚን ፊኛ ውስጥ ሲገባ የፊኛው ነርቮች መወጠርን ከወትሮው አብልጠው መናገር ጀመሩ። ሂስታሚኑ ይህን የሚያደርገው ኤች 1 በሚባለው ተቀባይ በኩል ነው፤ ቀጥሎ ግን ትሪፕ ቪ 1 የተባለ ሌላ በር ያስፈልገዋል። ትሪፕ ቪ 1 ማለት የበርበሬን ማቃጠል ምላስ ላይ የሚያሰማን በር ነው፤ ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 ኖቤል የተሸለመው እሱን በማግኘቱ ነው። አክስቴ ፊኛዬ ውስጥ ሚጥሚጣ ተነሰነሰ ብትል ከሳይንሱ ብዙም አልራቀችም። ከዚያ በፊት በ2008 የቺካጎ ሰዎች በአይጥ ላይ የፊኛን ሕመም የሚያነሳሳው ከማስት ሴል የሚወጣው ሂስታሚን መሆኑን አሳይተዋል፤ የሂስታሚን ተቀባዮችን የሚዘጋ መድኃኒት ሲሰጣቸው ሕመሙ ቀንሷል።

ነገሩ እንዲህ ቀላል ከሆነ የአለርጂ ክኒን ለምን አያድንም? ተሞክሯል። በ2003 የታተመ አንድ ሙከራ 121 ታማሚዎችን ይዞ ሃይድሮክሲዚን የተባለውን የአለርጂ መድኃኒት ፈተነ። ከወሰዱት 31 ከመቶው፣ ካልወሰዱት ደግሞ 20 ከመቶው ተሻለን አሉ። ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው ተብሎ ታለፈ። ሲሜቲዲንም በትንሽ ቡድን ላይ ተሞክሮ ተስፋ አሳይቷል። ሲሜቲዲንን የኛ ሰው በጨጓራ መድኃኒትነቱ ያውቀዋል፤ የሚሠራው ኤች 2 የተባለውን የሂስታሚን ተቀባይ በመዝጋት ነው። የእኔ ግምት፣ ግምት መሆኑ ይታወቅልኝና፣ ስህተቱ ታማሚዎቹን ሁሉ አንድ አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው። ሂስታሚን የሚያስጨንቃቸው አሉ፣ የማያስጨንቃቸውም አሉ፤ ሁለቱን ቀላቅለህ አማካይ ስታወጣ መድኃኒቱ የማይሠራ ይመስላል።

የአንጀቱ ነገር ትኩረት የሳበውም ለዚህ ይመስለኛል። በ2022 የካናዳዎቹ የማክማስተርና የኲንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆድ ቁርጠት በሽተኞችን ሰገራ ወስደው ባክቴሪያ አልባ ሆነው ያደጉ አይጦች ውስጥ ከተቱ። በሽተኛ ስል አይ ቢ ኤስ የሚባለውን፣ በመሣሪያ የማይታየውን የሆድ ሕመም ያለባቸውን ነው። ከበሽተኞቹ አንዳንዶቹ ሽንታቸው ውስጥ ብዙ ሂስታሚን ነበር። የእነሱን ባክቴሪያ የተቀበሉት አይጦች አንጀታቸው ለሕመም ስስ ሆነ። ሂስታሚኑን በዋናነት የሚያመርተው ክሌብሲየላ ኤሮጅንስ የተባለ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። ባክቴሪያው ከምግብ የሚያገኘውን ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ ወደ ሂስታሚን ይለውጣል፤ ሂስታሚኑ ደግሞ ኤች 4 በተባለ ተቀባይ በኩል ማስት ሴሎችን ወደ አንጀት ግድግዳ ይጠራል። የተጠሩት ማስት ሴሎችም የራሳቸውን ሂስታሚን ይጨምራሉ። እሳት ላይ ጋዝ ማለት ይህ ነው። የክሌብሲየላን ስም የኛ ሐኪሞች ከካልቸር (ባክቴሪያን አብቅሎ ከሚለየው ምርመራ) ውጤት ላይ በኢንፌክሽን አምጪነቱ ያውቁታል፤ እዚህ ግን ማንንም ሳይወር፣ አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ብቻ ሕመም ይጠምቃል።

ልብ በሉ፣ የካናዳው ጥናት ስለ ሆድ እንጂ ስለ ፊኛ አይደለም። ከሆድ ወደ ፊኛ የሚወስደው ድልድይ ሦስት እግር አለው፤ ጥንካሬያቸው ግን እኩል አይደለም።

ጠንካራው የነርቭ ነው። ትልቁ አንጀትና ፊኛ ጎረቤት ብቻ አይደሉም፤ የሕመም መልእክታቸውን ወደ አከርካሪ የሚያደርሱት በተዋሰኑ፣ አንዳንዴም በአንድ ነርቭ ነው። በ2005 የታተመ ጥናት አንጀታቸው እንዲቆጣ የተደረጉ አይጦች ማንም ያልነካው ፊኛቸው አብሮ ሲበሳጭ አሳይቷል። በሰውም የፊኛ ሕመም ካለባቸው ሴቶች ብዙዎቹ የሆድ ቁርጠትም አለባቸው። አክስቴ ለሆዷ ተልባ በጥብጣ መጠጣት የጀመረችው ከፊኛዋ ሕመም በፊት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የጠየቃት ግን የለም።

ሁለተኛው እግር የባክቴሪያ ቆጠራ ነው። በ2016 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የፊኛ ሕመም ያለባቸው ሴቶች ሰገራ ውስጥ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ቀንሰው አግኝቷል፤ ከእነሱ አንዱ የአንጀትን ቁጣ በማብረድ የሚታወቀው ፌካሊባክቴሪየም ነው። የተመረመሩት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ደግሞም ሕመም ያለበት ሰው አመጋገቡን ይለውጣል፣ መድኃኒት ይወስዳል፤ ባክቴሪያው የቀነሰው በዚያ ምክንያት ቢሆንስ? የቺካጎዎቹ ቡድን ኋላ ላይ የዳሌ ሕመም ላለባቸው አይጦች ከጤነኛ አይጦች የተወሰደ የአንጀት ባክቴሪያ ሰጥቶ ሕመሙ ሲቀንስ አይቷል። ይህ ከቆጠራ የተሻለ ማስረጃ ነው፤ ሆኖም አይጥ አይጥ ነው።

ሦስተኛው፣ ሂስታሚን ከአንጀት ተነስቶ በደም ዞሮ በሽንት ወርዶ ፊኛን ይለበልባል የሚለው ነው። ያምራል፤ ግን ገና አልተረጋገጠም። በፊኛ ታማሚዎች ሽንት ውስጥ የሂስታሚንን ቅሪት የለኩ ጥናቶች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም።

በዚህ መሐል ነው የምግብ ዝርዝር የሚመጣው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በቴሌግራም «ሂስታሚን ያለበትን አትብይ» የሚል ዝርዝር ይልካል፤ የቦካ ነገር ሁሉ ክልክል ነው ይላል። እንጀራም ሊቀር ነው! ጠላ፣ አይብ፣ እርጎ፣ ሁሉም። የቦካ ምግብ ሂስታሚን ሊኖረው መቻሉ እውነት ነው፤ ግን በምግብ የሚገባውን ሂስታሚን አንጀት ራሱ የሚያፈርስበት ኢንዛይም አለው። እንጀራ መተው የፊኛ ሕመምን ይቀንሳል የሚል ጥናት አላየሁም፤ እስካይ ድረስም ማንንም እርሾሽን ድፊ አልልም።

የካናዳው ሥራ ያመጣው ምክር ከዚህ ለየት ያለና ለአርሲ ሰው የባሰ ነው። በ2017 የታተመ ሙከራ ላይ የሆድ ሕመምተኞች ለሦስት ሳምንት አንጀት ውስጥ በቀላሉ የሚቦኩ ስኳርና ስታርች መሰል ነገሮችን ሲቀንሱ ሽንታቸው ውስጥ ያለው ሂስታሚን በስምንት እጥፍ ያህል ወርዷል። ትልቅ ቅናሽ ነው። እነዚያ ምግቦች እነማን ናቸው? ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት። አሰላ ላይ ሆኖ ይህን ማንበብ ያስቃል። ስንዴው ከደጃፍ እስከ ጭላሎ ግርጌ ነው፤ ገብሱ በሶና ቆሎ ይሆናል፣ ተርፎ አሰላ ብቅል ፋብሪካ ይገባል፤ ወጥ የተባለ ሁሉ የሚጀምረው ቁሌት ከማብሰል ነው። ይህን ሁሉ ከልክለህ ምን ልትበላ ነው? በጾም ወራት ደግሞ ሽሮና ምስር የገበታው ግማሽ ናቸው። ዝርዝሩ የተጻፈው ሱፐርማርኬት ገብቶ ሌላውን መደርደሪያ ለሚያይ ሰው ነው።

በፊኛ ታማሚዎች ራሳቸው የተመሰከረው ዝርዝር አጭርና ቀላል ነው። በ2007 በታተመ መጠይቅ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕመማቸውን የሚያባብስ ምግብ ወይም መጠጥ አለ ብለዋል፤ ፊት ላይ የተሰለፉት ቡና፣ ሻይ፣ ለስላሳና አልኮል፣ ቲማቲም፣ ብርቱካንና ሎሚ፣ የሚያቃጥል ቅመም ናቸው። ከአርቦዬ ወደ አዋሽ ሲወረድ ባለው ቆላ የመርቲ እርሻ አለ፤ የቲማቲም ድልሁንና የብርቱካን ማርማላቱን በቆርቆሮ አሽጎ አገር ያዳረሰው። አክስቴ ድልሁን ትወዳለች። የነገርኳት ግን ሁሉንም ተዪ ብዬ አይደለም። አንድ ነገር ለሁለት ሳምንት ተዪ፣ ደብተር ላይ ጻፊ፣ መልሰሽ ቅመሺው፣ ለውጥ ከሌለ ብዪው አልኳት። በድልሁ ጀመርን። ቡናው ላይ ስንደርስ ተጣላን፤ አቦሉን ብቻ ልትጠጣ፣ ቶናና በረካ ላይ ሲኒዋን ልትደፋ ተስማማን።

ከሂስታሚንም ከአንጀትም ታሪክ ለእኛ የሚበጀው አሁን የምመጣበት ነው፤ ማለትም ፌስታሉ። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ለፊኛ ሕመም ይህን ያህል ድርሻ ሊኖራቸው የሚችል ከሆነ፣ ደጋግሞ ፀረ ባክቴሪያ መዋጥ ከንቱ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ሊሆን ይችላል። በ2008 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ለሦስት ጤነኛ ሰዎች ሲፕሮ ለአምስት ቀን ብቻ ሰጥተው የአንጀት ባክቴሪያቸውን ተከታተሉ። ከባክቴሪያ ዓይነቶቹ ሲሶ ያህሉ ተነካ። አብዛኞቹ በአራት ሳምንት ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ ግን ከስድስት ወር በኋላም አልተመለሱም። አክስቴ ይህን በሁለት ዓመት ሰባት ጊዜ አድርጋለች። ሲፕሮው ሕመሟን ፈጠረው አልልም፤ ያንን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሳይጠቅማት አንጀቷን ሰባት ጊዜ እንደነካው ግን ግልጽ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ2016 ጀምሮ ሲፕሮና ዘመዶቹ ሌላ አማራጭ ላለው ቀላል የሽንት ኢንፌክሽን እንዳይታዘዙ መክሯል፤ ጅማትንና ነርቭን ሊጎዱ ስለሚችሉ። እኛ ጋ ያለ ወረቀት ከመደርደሪያ ይወርዳሉ። ኋላ እውነተኛ ኢንፌክሽን ሲመጣ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ይጠብቀዋል።

«ኔጌቲቭ ማለት ባክቴሪያ የለም ማለት ነው እንዴ?» የሚል ሐኪም ትክክል ነው። በ2014 ከቺካጎ አጠገብ ያለው የሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በረቀቀ ካልቸር 65 የሽንት ናሙና መርምሮ በ80 ከመቶው ሕያው ባክቴሪያ አግኝቷል፤ ከእነዚህ ዘጠኝ አሥረኛ የሚሆኑትን የተለመደው ካልቸር «ምንም አልበቀለም» ብሏቸው ነበር። ግን ምልክት የሌላቸው ሴቶችም ፊኛ ውስጥ ባክቴሪያ አለ። ባክቴሪያ መኖሩ በሽታ አለ ማለት ካልሆነ፣ ይህ ግኝት ሲፕሮ ለመስጠት ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም እጅን መሰብሰቢያ ነው።

በአገራችን የሽንት ኢንፌክሽን ጥናት እጥረት የለም፤ ለመመረቂያ የሚመረጥ ርዕስ ነው። ምልክት ያላቸው ሰዎች ሽንት ይሰበሰባል፣ ካልቸር ይሠራል፣ የበቀለው ባክቴሪያ ስምና የተላመደው መድኃኒት በሰንጠረዥ ይቀመጣል። ምንም ያልበቀለባቸው፣ ብዙውን ጊዜ ከበቀለባቸው የሚበዙት፣ በአንድ መስመር ይታለፋሉ። እየለበለባቸው መጥተው እየለበለባቸው ሄደዋል፤ ከወር በኋላ ማንም ደውሎ አልጠየቃቸውም። የአክስቴ በሽታ ያለው እዚያ መስመር ውስጥ ነው። አሰላ ላይ ዩኒቨርሲቲም ማስተማሪያ ሆስፒታልም አለ፤ አንድ ተማሪ ኔጌቲቭ የሆኑትን ብቻ ይዞ ሕመሙ ፊኛ ሲሞላ ነው ወይስ ሲሸኑ፣ ሆድስ ያማችኋል ወይ፣ ስንት ጊዜ ሲፕሮ ወሰዳችሁ ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። ውድ መሣሪያም አያሻውም።

ሕክምናስ? ከሁሉ የተሻለ ውጤት ካሳዩት አንዱ ክኒን አለመሆኑ ይገርመኛል። በ2012 የታተመ ሙከራ 81 ሴቶችን ይዞ የዳሌ ወለል ጡንቻን በእጅ የሚያፍታታ ፊዚዮቴራፒን ከተራ ማሳጅ ጋር አወዳድሮ በመጀመሪያው 59 ከመቶ፣ በሁለተኛው 26 ከመቶ መሻሻል አየ። ፊዚዮቴራፒስት እኛ ጋም አለ፤ ለዚህ የሰለጠነው ግን እጅግ ጥቂት ነው። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው ርካሽ መድኃኒት በአገራችን ይገኛል፤ በ2010 ሙከራ በጥቅሉ ብዙ አልበለጠም፣ መጠኑን እስከ 50 ሚሊግራም መቋቋም ለቻሉት ግን ረድቷል። እንቅልፍ ያመጣል፤ ሌሊት ስድስት ጊዜ ለምትነሳ ሴት ይህ ጉዳቱ አይደለም። አፍ የሚያደርቅ፣ ልብንም የሚነካ ስለሆነ ግን ያለ ሐኪም የሚጀመር አይደለም። የፕሮባዮቲክ ክኒኖች ሲተዋወቁ ታዩ ይሆናል፤ ለፊኛ ሕመም ገንዘብ የሚያስወጣ ማስረጃ እስካሁን የላቸውም።

አንባቢዬ፣ አንቺም እንደ አክስቴ ፌስታል ካለሽ ይዘሽው ሂጂ። ሐኪሙ ባይጠይቅሽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፊው። ሕመሙ ፊኛሽ ሲሞላ እንደሚብስና ስትሸኚ እንደሚቀልሽ ንገሪው፤ ሆድሽም የሚያምሽ ከሆነ አትደብቂ። ሽንትሽ ደም ካለው፣ ትኩሳት ካለሽ ወይም ከከሳሽ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ አትጠብቂ። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉሽ ደግሞ ቀጣዩን ሲፕሮ ከመዋጥሽ በፊት «ካልቸር ይሠራልኝ» በዪ።